ስድስት ጎራሽ ለውድድር፦ ስሚዝ፣ ሩገር ወይስ ኮልት?



ሪቮልቨር ይዤ ወደ ኢላማ ተኩስ ውድድር እንደምሄድ የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው «እንዴ! ዛሬም በስድስት ጎራሽ የሚተኩስ ሰው አለ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለመሆኑ የቱ ይሻላል? ስሚዝ ነው፣ ኮልት ነው ወይስ ሩገር?» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ አለ፣ ያውም ብዙ። ሁለተኛው ግን ምሽት ይፈጃል፤ አዘጋጆቹም ምሽቱን ሰጥተውኛል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ላብራራ። ዛሬ ስማቸውን የምጠራቸው ፋብሪካዎች ሁሉ ጥሩ ብረት ይሠራሉ። የእኔና የእናንተ እጅ የብረታቸውን ልዩነት ከመለየቱ በፊት ብዙ ዓመት ያልፋል። ለውድድር ማርካ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚወዳደርበትን ደንብ ማንበብ አለበት፤ ቀጥሎ የራሱን እጅ ማየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግንለትና መለዋወጫውን ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ አለበት። አብዛኛው ገዢ ግን ሱቅ ገብቶ በመስታወቱ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ያያል፣ ይገዛል፣ ደንቡን የሚያነበው ውድድሩ ሜዳ ላይ ነው።

በቃላት እንግባባ። ሪቮልቨር የምለው ጥይቶቹ የሚጎርሱበት ቋት እየዞረ የሚሠራውን ሽጉጥ ነው። ያንን ቋት ከእንግዲህ ሲሊንደር እያልኩ እጠራዋለሁ። ምላጩን አንድ ጊዜ ስትስቡ መዶሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሲሊንደሩ አንድ ቀዳዳ ይዞራል፣ ይቆለፋል፣ መዶሻው ይወርዳል። ይህንን ሁሉ ሥራ የሚሠራው የእናንተ አንድ ጣት ነው። የካዝና ሽጉጥ ግን ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ የባሩዱ ግፊት ሥራውን ያግዘዋል። የሪቮልቨር ተወዳዳሪ ስለ ምላጭ ሲያወራ ውሎ ቢያድር አይሰለቸው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹንም፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ወደ ደንቡ እንግባ። ተግባራዊ ተኩስ የሚባለው ስፖርት፣ ማለትም ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ ከከለላ ጀርባ እየወጣ፣ በሰዓት ተይዞ የሚተኩስበት ውድድር፣ ዓለም አቀፍ ማኅበር ያገኘው በ1976 ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ በተባለች ከተማ ነው። ማኅበሩ አይፒኤስሲ ይባላል። የአሜሪካው ቅርንጫፍ ዩኤስፒኤስኤ ነው። በዚህ ውድድር ነጥባችሁ በሰዓታችሁ ይካፈላል። ቀስ ብሎ ሁሉንም መሀል መምታት አያዋጣም፤ ፈጥኖ መሳትም አያዋጣም።

በዩኤስፒኤስኤ ደንብ ኃይል የሚለካበት አንድ ስሌት አለ። የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በእግር በሴኮንድ ወስዳችሁ ታባዛላችሁ፤ ውጤቱን ለ1000 ታካፍላላችሁ። 125 ከደረሰ «ማይነር»፣ 165 ከደረሰ «ሜጀር» ትባላላችሁ። ለምሳሌ 230 ግሬን የሚመዝን የ.45 ኤሲፒ አረር በሴኮንድ 740 እግር ቢበር 170 ይወጣል፤ ሜጀር ነው። 147 ግሬን የሚመዝን የ9 ሚሊ ሜትር አረር በ870 ቢበር 127 ይሆናል፤ ማይነር ነው። የኢላማው መሀል ለሁለቱም 5 ነጥብ ይሰጣል። ከመሀል ስትወጡ ግን ልዩነት ይመጣል፤ ሜጀር የሚተኩሰው 4 እና 2 ሲያገኝ ማይነር የሚተኩሰው 3 እና 1 ያገኛል።

እስከ 2014 ድረስ በዩኤስፒኤስኤ የሪቮልቨር ምድብ ከ6 ጥይት በኋላ እንደገና ማጉረስ ግዴታ ነበር። ስለዚህ ዘመኑ የ.45 ስድስት ጎራሽ ዘመን ነበር፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 625 የተባለው ሞዴል ሜዳውን ሞልቶት ነበር ማለት ይቻላል። በ2014 ደንቡ ተለወጠ፤ ስምንት ጎራሽ በማይነር ተፈቀደ፣ ሜጀር ለመባል ግን ስድስት ብቻ። አንድ መስመር ናት። ያቺ አንድ መስመር የስንቱን ሰው ሽጉጥ ከሣጥን ወደ ገበያ እንዳስወጣች የሚያውቀው ያገለገለ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ማኅበሩ ውድድሩን ሲነድፍ ተወዳዳሪው ከአንድ ቦታ ቆሞ ከ8 በላይ ምት እንዲያስመዘግብ አያስገድድም። ነዳፊዎቹም ብዙ ጊዜ ስምንቱን ሙሉ ይጠቀሙበታል፤ አራት ኢላማ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ምት። ስምንት ጎራሽ የያዘ ሰው ይጨርስና ወደሚቀጥለው ቦታ እየሮጠ ያጎርሳል፤ እግሩም እጁም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ስድስት ጎራሽ የያዘው ግን ስድስት ተኩሶ፣ ቆሞ አጉርሶ፣ ሁለት ተኩሶ ነው የሚሄደው። ቆሞ ማጉረስ ለጎበዝ ሰው እንኳ ሁለት ሴኮንድ አካባቢ ይበላል። ይህንን በስምንት ወይም በአሥር ዙር አባዙት፤ የሜጀር ነጥብ ጥቅም አይመልሰውም። እኔ የስድስት ጎራሽ አፍቃሪ ነኝ፤ ሆኖም ሒሳብ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ «የቱ ማርካ?» ለሚለኝ የዩኤስፒኤስኤ ጀማሪ የምመልስለት ጥያቄ «ስንት ጎራሽ?» የሚል ነው። ስምንት ጎራሽ የውድድር ሪቮልቨር በብዛት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ ደንቡ ገበያውን ራሱ ያጠበዋል።

ሌሎች ውድድሮች ደግሞ ሌላ ደንብ አላቸው። አይኮር የተባለው የሪቮልቨር ወዳጆች ማኅበር ከ1991 ጀምሮ ለሪቮልቨር ብቻ ውድድር ያዘጋጃል፤ የካዝና ሽጉጥ ይዞ የሚመጣ የለም። እዚያ ማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመላቸው ምድብ አለ፣ ባለ ብረት ማነጣጠሪያ ምድብ አለ፣ ለድሮዎቹ ስድስት ጎራሾችም የራሳቸው ምድብ አለ። በ1996 የተቋቋመው አይዲፒኤ የተባለው ማኅበርም የሪቮልቨር ቦታ አለው፤ ተወዳዳሪው ከካፖርት ሥር አውጥቶ እንዲተኩስ ስለሚያደርግ የሽጉጡ መጠን ከልብስ ሥር የሚያዝ መሆን አለበት። ረጅም አፈሙዝ እዚያ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደምወደው ነገር መጣሁ፤ ወደ ማጉረስ። የሪቮልቨር ውድድር የሚሸነፈው በተኩስ ላይ አይደለም፤ በማጉረስ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ስስ የብረት ሳህን አለች፣ ሙን ክሊፕ ትባላለች። ስድስቱን ወይም ስምንቱን ጥይት ከቂጣቸው ጨብጣ ትይዛቸዋለች፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባሉ፣ ቀለሆቹም በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። የመጣችው ከውድድር አይደለም። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የ.45 ካዝና ሽጉጥ እጥረት ገጠማት። ስሚዝም ኮልትም ያንኑ የካዝና ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር እንዲሠሩ ታዘዙ። ጥይቱ ግን እንደ ሪቮልቨር ጥይት ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር የለውም፤ የቀለህ መግፊያው የሚይዘው ነገር አጣ። መላው ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዝ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብረት ሆነ። ለእጥረት የተፈጠረው መላ ዛሬ ለፍጥነት ይፈለጋል፤ ግማሹም ሙሉ ክብ ሆኗል።

የሙን ክሊፕ ነገር ቀላል መስሏችሁ እንዳትታለሉ። ትንሽ ከጎበጠች ሲሊንደሩ ይያዛል፤ ምላጩ አልሳብ ይላል። ሰዓቱ እየሮጠ፣ ዳኛው ከኋላችሁ ቆሞ፣ ምላጭ አልሳብ ሲል የሚሰማችሁን ስሜት ለጠላትም አልመኝም። ደህና ተወዳዳሪ ከውድድሩ በፊት በነበረው ሌሊት እያንዳንዷን ክሊፕ ቤቱ ውስጥ በባዶ ቀለህ ሞልቶ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ከቶ፣ እያዞረ ይፈትሻል። የተጠራጠራትን ይጥላታል። ዋጋዋን አያስብም።

ቀለሁ አጭር ሲሆን ይቀለጥፋል። የ.357 ማግነም ቀለህ ረጅም ስለሆነ ሲወጣ ይጎተታል፤ አንዳንዴም አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። የስምንት ጎራሽ ተወዳዳሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ያስቀኛል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ተሠርቶ ተረስቶ የነበረውን .38 ሾርት ኮልት የሚባል አጭር ጥይት ከመቃብር አወጡት። ባሩዱን ራሳቸው እየሞሉ በዘመናዊው .357 ሲሊንደር ይተኩሱታል። ስሙ ኮልት ነው፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተኮሰው ከስሚዝ ሽጉጥ ነው። የማርካ ፉክክር እንዲህ ይቀልዳል።

ማጉረስን ካነሳን ስለ አውራ ጣት ልናገር፤ ማርካ በእርግጥ የሚለያየው እዚህ ነው። ሲሊንደሩን ለመክፈት ስሚዝ ላይ ቁልፉን በአውራ ጣት ወደ ፊት ትገፉታላችሁ። ኮልት ላይ ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ። ሩገር ላይ ወደ ውስጥ ትጫኑታላችሁ። ከተኳሹ በኩል ስታዩት የስሚዝና የሩገር ሲሊንደር ወደ ግራ ይዞራል፤ የኮልት ወደ ቀኝ። ስድስቱን ጨርሶ ለሚከፍት ሰው የዙሩ አቅጣጫ ብዙም አያስጨንቅም። ሁለት ጥይት ብቻ የጎረሰ ሰው ግን የሚቀጥለው ቀዳዳ የቱ እንደሆነ ማወቅ አለበት። አሥር ሺህ ጊዜ የገፋ አውራ ጣት ሳቡ ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማርካ መርጣችሁ ከለመዳችሁ መቀየር ከገንዘቡ ይልቅ በልምምዱ ይከብዳል። ሁለት ማርካ እያፈራረቁ የሚወዳደሩ ሰዎች አያለሁ፤ አንዳቸውም ፊተኛ ሲወጡ አላየሁም።

እንግዲህ ወደ ማርካዎቹ።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሜዳውን ይገዛል፤ ይህንን የሚክድ የለም። ለሩጫው ውድድር፣ ማለትም ለተግባራዊ ተኩስ፣ ሦስቱ የታወቁት ሞዴሎቹ 625፣ 627 እና 929 ናቸው። 625 የ.45 ስድስት ጎራሽ ነው። 627 የ.357 ስምንት ጎራሽ ነው። 929 ደግሞ በ2014፣ ደንቡ በተለወጠበት በዚያው ዓመት፣ የወጣ የ9 ሚሊ ሜትር ስምንት ጎራሽ ነው፤ ሲሊንደሩ ከታይታኒየም የተሠራ። ታይታኒየም የመረጡት ክብደት ለማቅለል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አለ። ነገሩ ሌላም ጎን አለው፤ ምላጩ በፍጥነት ሲሳብ ከባድ ሲሊንደር ይፈተለክና ድንገት ሲቆም ማቆሚያውን ይደበድበዋል። ቀላል ሲሊንደር ድብደባውን ይቀንሳል። ታይታኒየሙ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ በሻካራ ነገር መፈግፈግ አይወድም።

የስሚዝን ስም በተኳሾች ዘንድ ከፍ ያደረገው የሉዊዚያናው ጄሪ ሚቹሌክ ነው። በ1999 በ625 ስድስት ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ እንደገና ስድስት ተኩሶ በ2.99 ሴኮንድ ጨረሰ። አሥራ ሁለት ጥይት ከነማጉረሱ። በስምንት ጎራሽ ደግሞ ስምንቱን በአንድ ሴኮንድ ተኩሷል። ከእርሱ በፊት በ1932 የሞንታናው ኤድ ማክጊቨርን፣ ዕድሜው ወደ 60 ሲጠጋ፣ አምስት ጥይት በ0.45 ሴኮንድ ተኩሷል፤ እርሱም በስሚዝ ነበር። ይህንን ሰምታችሁ «እንግዲያው ሽጉጡ ነው» እንዳትሉ። ሚቹሌክ ሩገር ቢይዝ ኖሮ ዛሬ ሩገር ይወደስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ስሚዝ ለምን ሜዳውን ገዛ? አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ ለምን ቶዮታ ይገዛ እንደነበር አስታውሱ። ከጀርመኑ መኪና ይሻላል ብሎ አልነበረም፤ መለዋወጫው በየሱቁ ስላለ፣ ሜካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታው ነው። የስሚዝ ነገር እንዲሁ ነው። የምላጭ ስፕሪንግ፣ የመዶሻ ስፕሪንግ፣ እጀታ፣ ማነጣጠሪያ፣ ሙን ክሊፕ፣ አፎት፣ ሁሉም በብዙ ሠሪ ይሠራል። ምላጭ የሚያለሰልሱት ጠጋኞች አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት በስሚዝ ላይ ነው። ውድድር ሜዳ ላይ አንድ ብሎን ብትጠፋባችሁ ከጎናችሁ ያለው ሰው ቦርሳው ውስጥ መለዋወጫ አለው። ይህ እርዳታ ከፋብሪካው የሚመጣ አይደለም፤ ከተወዳዳሪው ማኅበረሰብ የሚመጣ ነው፤ ለገዢ ግን ከማንኛውም የፋብሪካ ዋስትና ይበልጣል።

ስሚዝ ያለ ጉድለት አይደለም። የቀለህ መግፊያው ዘንግ ሲላላ ሲሊንደሩ አልከፈት ይላል። የመዶሻው ስፕሪንግ ውጥረት የሚስተካከለው እጀታው ላይ ባለች አንዲት ብሎን ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ምላጩን ለማቅለል ያላላታል፣ ከዚያ ጥይቱ አልተኩስ ሲል ይገረማል። ከ2001 ጀምሮ ከሲሊንደሩ መክፈቻ በላይ የተጨመረው የቁልፍ ቀዳዳ ደግሞ አፍቃሪዎቹን እስከ ዛሬ ያነጫንጫል። ነገሩን ያጋነኑታል ባይ ነኝ፤ በውድድር ሜዳ በእርሱ ምክንያት የተሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሩገር በ1949 ኮነቲከት ውስጥ የተቋቋመ ነው። የውድድር ሰው ስለ ሩገር ሲያወራ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይደግማል፤ «ጠንካራ»። እውነት ነው። በ1985 የወጣው ጂፒ100 እንደ ስሚዝ በጎን የሚከፈት መክደኛ የለውም፤ አካሉ ሙሉ ነው፤ የሲሊንደሩ መያዣም ከፊትም ከኋላም ይቆለፋል። ውስጡን ለማጽዳት መፍታት ይቀላል፤ ይህንን ማለፍ የለብንም። ለብዙ ዓመት ሩገር በሩጫው ውድድር ብዙም ያልታየው ለውድድር የተሠራ ስምንት ጎራሽ ስላልነበረው ነው። በ2019 ሱፐር ጂፒ100 የተባለውን ስምንት ጎራሽ .357 ሲያወጣ፣ ቀጥሎም በ9 ሚሊ ሜትር ሲደግመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሚዝን በገዛ ሜዳው ተጋፈጠው። መሣሪያው ጥሩ ነው። ምላጩ ግን ከስሚዝ የተለየ ነው፤ ስፕሪንጉ እንደ ስሚዝ ትልቆቹ ሞዴሎች ዝርግ አይደለም፣ የተጠማዘዘ ነው። ምላጩ ሲመለስ የሚሰማው ስሜትም ሌላ ነው። እንደ እኔ ግምት ሩገር የሚያጥረው ብረት አይደለም፤ የሚያጥረው ምላጩን የሚያለሰልሱ እጆች ናቸው። ይህ ደግሞ በጊዜ ይለወጣል።

ስለ ኮልት በአክብሮት መናገር አለብኝ፤ ታሪኩ ያስገድዳል። በ1896 በአቴንስ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ሲካሄድ ከቦስተን የመጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ ጆንና ሰምነር ፔይን፣ በወታደራዊ ሽጉጥ ውድድር አንደኛና ሁለተኛ ወጡ፤ በእጃቸው ኮልት ነበር። ያ ውድድር ከዐድዋ ድል በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የተካሄደ ነው፤ በአንድ ወቅት ሁለት ዓለም ማለት ይህ ነው። ኮልት በ1955 ፓይተንን አወጣ። ፓይተን ውብ ነው። ምላጩ ሲሳብ፣ ሲሊንደሩ ሲቆለፍ፣ የሚሰማው ልስላሴ በጥሩ እጅ የተገጠመ ሥራ እንደሆነ ይናገራል። ግን ያ በእጅ የተስተካከለ ገጠማ በፍጥነት ተኩስ ሲደበደብ ከጊዜ ብዛት ልኩን ይስታል፤ የቀድሞዎቹን ፓይተኖች ልክ የሚመልስ ጠጋኝም እየጠፋ ነው። በ2020 ፓይተን ተሻሽሎ ተመለሰ፤ ውስጡም ቀለለ። ስድስት ጎራሽ ነው። ለሰብሳቢ፣ በእርጋታ ለሚተኩስ፣ ለስድስት ጎራሾች ምድብ፣ እሰየው። ስምንት ምት ለሚጠይቅ ሩጫ ግን ገንዘባችሁን አላስወጣችሁም።

የቀሩትን ባጭሩ። የፈረንሳዩ ማኑራን ኤምአር73 በፈረንሳይ ጀንደርሜሪ ልዩ ኃይል እጅ ስሙን የተከለ ነው፤ ሺህ ጥይት ቢተኮስበት የማይከፋ፣ ግን መለዋወጫውን ለማግኘት ወደ አውሮፓ መጻፍ ያስፈልጋል። የጀርመኑ ኮርት እጅግ የተዋበ፣ ዋጋውም እንዲሁ። የጣሊያኑ ቺያፓ ራይኖ አፈሙዙ ከታችኛው ቀዳዳ ጋር የተስተካከለ ስለሆነ ሲተኮስ አፈሙዙ ብዙ አይዘልም፤ ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ውስጡ ግን ውስብስብ ነው፣ ሲበላሽ ጠጋኝ ይጠፋል። የብራዚሉ ታውረስ ርካሽ ነው፤ ለመጀመር ክፉ አይደለም፤ ለውድድር የሚሠሩለት ክፍሎች ግን ጥቂት ናቸው።

ስለ ምላጭ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከፋብሪካ የመጣ ሪቮልቨር ምላጩ በአንድ ስበት ወደ አምስት ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። ተወዳዳሪ ወደ ሦስት ኪሎ ያወርደዋል። ስፕሪንጉ ሲላላ ግን መዶሻው ጥይቱን በደካማ ኃይል ይመታል፤ ቂጡ ላይ ያለው መለኮሻ ጠንካራ የሆነ ጥይት አልነሣ ይላል። የሪቮልቨር ተወዳዳሪዎች ፌደራል የተባለውን መለኮሻ አጥብቀው የሚፈልጉት ለስላሳ ስለሆነ ነው። እሱ ከገበያ ሲጠፋ የሰውን ፊት ብታዩ! ምላጫችሁን ከማቅለላችሁ በፊት የትኛውን መለኮሻ በቋሚነት እንደምታገኙ እርግጠኛ ሁኑ። ሁልጊዜ የሚተኩስ ከባድ ምላጭ አልፎ አልፎ ከሚከሽፍ ቀላል ምላጭ ይሻላል።

ስለ እጅም እንዲሁ። የስሚዝ ትልቁ አካል፣ ማለትም ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ ሞዴሎች የተሠሩበት፣ ለትንሽ እጅ ሰፊ ነው። ጣታችሁ ምላጩ ላይ በጫፉ ብቻ ከደረሰ አምስት ኪሎ ቀርቶ ሦስቱንም ቀጥ አድርጋችሁ አትስቡትም፤ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል። እጀታውን ማቅጠን ይቻላል፤ ካልበቃ ወደ መካከለኛው አካል፣ ወደ 686 ወይም ወደ ጂፒ100 ውረዱ። እዚህ ላይ እኅቶቻችን ከወንዶቹ ይልቅ አስተዋዮች ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ከመግዛታቸው በፊት ይጨብጣሉ።

ሙሉ በሙሉ ሌላ ዓለም የሆነው ደግሞ የካውቦዮቹ ውድድር ነው፤ የድሮውን ምዕራብ ልብስ ለብሰው፣ ቅጽል ስም አውጥተው የሚተኩሱት። በ1987 የተቋቋመው ሳስ የሚባለው ማኅበር ያስተዳድረዋል። ሁለት ሪቮልቨር፣ አንድ ጠመንጃና አንድ ሾትገን የሚባል ባለ ፍንጣሪ ጠመንጃ ያስፈልጋል። ሪቮልቨሮቹ መዶሻቸው በአውራ ጣት እየተሳበ የሚተኮሱት ጥንታዊ ዓይነት ናቸው። እዚህ የስሚዝ አገዛዝ የለም። የኮልት 1873 ሞዴል አባት ነው፤ የጣሊያኖቹ ኡበርቲና ፒዬታ ቅጂውን ይሠራሉ፤ በሜዳው ላይ ጠንካራ የሚባለው ግን ሩገር ቫኬሮ ነው። ምክንያቱ ዝርግ ስፕሪንጎቹ እየተሰበሩ ተኳሹን ሜዳ ላይ የሚያስቀሩት ቅጂዎች ብዙ ሲሆኑ፣ ሩገር በተጠማዘዘ ስፕሪንግ ስለሚሠራ ነው። ሩገር ከ1973 ጀምሮ መዶሻው ጥይት ላይ ተቀምጦ እንዳይተኩስ የሚከለክል ክፍል ጨምሯል፤ ኮልቱና ብዙዎቹ ቅጂዎቹ ያ የላቸውም፣ ስለዚህ አምስት ብቻ ጎርሰው መዶሻው ባዶ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። የሳስ ደንብ ግን ለሁሉም አምስት ነው የሚያስጎርሰው፤ የሩገሩን ስድስተኛ ቀዳዳ የሚጠቀምበት የለም።

ሕጉንም አንርሳ። እዚህ አሜሪካ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ሕጉ የዘረዘራቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልገጠሙት በቀር፣ የጦር መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ለምሳሌ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሥልጠናና የጣት አሻራ አለው። ከሌላ ክፍለ ግዛት ሽጉጥ መግዛት ካስፈለገ በመኖሪያችሁ ክፍለ ግዛት ባለ ባለፈቃድ ነጋዴ በኩል መምጣት አለበት። አገር ቤት ለሚጠይቁኝ ደግሞ ነገሩ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው፤ የማርካ ምርጫ ከፈቃዱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ያገለገለ ለምትገዙ ሰዎች፣ እኔም የምመክረው እርሱን ነው፣ ነጋዴውን አስፈቅዳችሁ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጣችሁ በኋላ እንዲህ አድርጉ። ምላጩን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ መዶሻው ከመውረዱ በፊት ሲሊንደሩ መቆለፍ አለበት። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ድገሙት፤ አንዱ ቢዘገይ በቂ ምክንያት ነው። ሲሊንደሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ ተጠራጠሩ። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት በብርሃን እዩ፤ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። አረሩ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ወደ አፈሙዙ የሚገባበትን አፍ በመብራት አይታችሁ የተሰነጠቀ ነገር ፈልጉ። ሲሊንደሩን በእጅ ወርውሮ እንደ ፊልም የሚዘጋ ሰው የያዘው ሽጉጥ ከሆነ መያዣው ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ፊታችሁ ላይ እንዲያ ካደረገ ደግሞ ዋጋውን ሳትጠይቁ አመስግናችሁ ውጡ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ምንም ሳትገዙ፣ አንድ ቅዳሜ ባዶ እጃችሁን ውድድር ሜዳ ሂዱ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይዛችሁ ከሪቮልቨር ተኳሾቹ ጋር ዋሉ። ጥቂቶች ናቸው፣ ወሬም ይወዳሉ፤ ሽጉጣቸውን እንኩ ሞክሩ ሳይሉ የሚሸኟችሁ አይመስለኝም። በዚያ ሜዳ ላይ ብዙው ሰው የያዘውን ማርካ ቁጠሩ፤ የሚጠግንላቸው ማን እንደሆነም ጠይቁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።